ለቅዳሜ ይድረስልኝ

ካቴናው ዘለለ፤ ፔዳሉ በባዶው ዞረና የጵርስቅላ ጉልበት ከሳይክሉ ብረት ጋር ተላተመ። "ወይኔ!" ብላ ወረደች። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበረች፤ ጠዋት ከቤት ከወጣች ወዲህ ይሄ አራተኛው ነው። ሁለት ተማሪዎች አይተዋት ሳቁ። እሷ ግን ከጉልበቷ ይልቅ ያሳሰባት ቀኑ ነው። ረቡዕ ነው። ፈተናው ቅዳሜ።

እንጦጦ ላይ እንግዶችን በሳይክል የሚያዞር አንድ ድርጅት አስጎብኚ ይፈልጋል። አመልካች በራሱ ሳይክል አምስት ሰው እየመራ እስከ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፤ በደህና ያደረሰ ይቀጠራል። ጵርስቅላ ታስተምርበት የነበረው ሙአለ ሕፃናት ከተዘጋ ስድስት ወር አልፎታል። ለእናቷ "በቅርቡ ሥራ አገኛለሁ" እያለች አፏ ዝሏል። እንዲህ ያለ ዕድል በካቴና ምክንያት ሲያመልጥ ያናድዳል እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ሳይክሏን እየገፋች ቀበና ወረደች፤ ጋሽ ገመዳ ዘንድ። ጋሽ ገመዳ ከድልድዩ ማዶ ባለች የቆርቆሮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሳይክል የጠገኑ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው የኋላውን ጎማ አሽከረከሩት።

"አለቀለት" አሉ። "የኋላው ጥርስ ተበልቶ እንደ መጋዝ ሾሏል። ካቴናውም ተለጥጧል።"

"ካቴናውን ብቻ ብቀይረውስ ጋሼ? ሾላ አዲስ በሺህ አራት መቶ አይቻለሁ።"

"ሁሉም እንዲያ ብሎ ነው ገንዘቡን የሚያቃጥለው። አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ አይቀመጥም፣ ከበፊቱ ብሶ ይዘላል። ካቴናና ጥርስ አብረው ነው የሚያረጁት፤ ሲቀየሩም አብረው ነው።"

"ሁለቱም አዲስ ስንት ይሆናል?"

"ዘጠኝ ሺህ አያንስም።"

ጵርስቅላ ሳቀች። ሲጨንቃት ነው እንዲህ የምትስቀው።

ጋሽ ገመዳ ከመደርደሪያው አናት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። የኋላ ጥርስ ነው ከነካቴናው፣ በግራሶ የተለወሰ። ያገለገለ ነው፤ ግን ከሦስተኛው ማርሽ በስተቀር ሁሉም እንደ አዲስ ነው።

"ባለቤቱ ዳገቱን ሁሉ በሦስተኛ ነበር የሚወጣው። ካቴናው አብሮት ስላረጀ አይዘልብሽም። ሁለት ሺህ ስጪኝ።"

"የማን ነበር?"

"የደንበኛ" አሉና መፍቻ መፈለግ ጀመሩ። ጠበቅ አድርጋ መጠየቅ ነበረባት። ሁለት ሺህ ብር ሲባል ግን ማን ይጠይቃል?

ሐሙስ ማለዳ ልትሞክረው ወጣች። እውነትም አንዴ እንኳ አልዘለለም። ደስ ብሏት መዝሙር እያንጎራጎረች ባሕር ዛፎቹ መንገዱን ከሚያጨልሙበት ኩርባ ስትደርስ፣ እጇ ሳይነካው ማርሹ ቀጭ ብሎ ሦስተኛ ገባ። ወደ አንደኛ መለሰችው። አሥር ሜትር ሳትሄድ፣ ቀጭ፤ ሦስተኛ።

ከዚያ ከኋላዋ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ሳይክል የሚነዳ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም። እየተነዳ ዳገት የሚወጣ ሳይክል ዝም ነው፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ባለቤቱ ወርዶ ሲገፋው ነው። በእግሩ የሚገፋ ሰው ግን እንዴት ከእሷ እኩል ይሄዳል? እንደ ደንቡ ወደ ቀኝ ተጠግታ መንገድ ለቀቀች። ማንም አላለፈም። ዞር አለች። ጉምና ባዶ መንገድ ብቻ። ስትቆም ድምፁ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠቅ አለና እሱም ቆመ።

"በኢየሱስ ስም!" አለች ጮክ ብላ። እግሯን ፔዳሉ ላይ ስታደርግ ድምፁ እንደገና ጀመረ። ያን ዳገት እንዴት ጨርሳ እንደወረደች እሷም አታውቅም።

ዓርብ ሳይክሉን መልሳ ወሰደችላቸው። ጋሽ ገመዳ የማርሹን ሽቦ ፈተሹ፣ ጎማውን ፈትተው ገጠሙ። ምንም እንከን የለውም።

"ጋሼ፣ ድምፁ ከሳይክሌ አይደለም። ከኋላዬ ነው። ሳይክል የሚገፋ ሰው ነው።"

ጋሽ ገመዳ መፍቻውን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

"የዚህ ጥርስ ባለቤት ሰላሙ ይባላል፤ የባንክ ሠራተኛ ነበር" አሉ። "ሐሙስ ቀን ሳይክሉን አመጣው። 'ጋሼ፣ ለቅዳሜ ይድረስልኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ልወጣ ነው። ካረፈድኩ ጥለውኝ ይሄዳሉ' አለኝ። ዓርብ ጨርሼ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ቀረ። ለካ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ መኪና ገጭቶት ሞቶ ኖሯል። የሰማሁት ከወር በኋላ ነው።"

"ዘመዶቹስ?"

"የጠየቀኝ የለም። በእኛ ሥራ ዓመት ያለፈው ሳይክል ይፈታል፣ ዕቃው ይሸጣል፤ ሁሉም እንዲያ ያደርጋል። እኔ እንኳ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።" መዳፋቸውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ። "ካቴና የሌለው ሳይክል ይገፋል እንጂ አይነዳም፤ ጥፋቴ ነው ልጄ። ልፍታልሽ፣ ገንዘብሽን ውሰጂ።"

"ታዲያ ነገ በምን እወጣለሁ?"

ሳይክሏን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ አምስቱ እንግዶችና ፈታኙ ግሩም ከዳገቱ ሥር ቀድመዋት ደርሰው ነበር። ግሩም ወረቀቱን በክንዱ ሥር እንደያዘ፣ "እዚህ ሥራ ላይ አንድ ሕግ ነው ያለን" አላት። "ሰው ኋላ አይቀርም። አናት ላይ ስንት ሰው እንደደረሰ እጠይቅሻለሁ። ቁጥር የሳተ ወድቋል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።"

ወጡ። ኩርባው ላይ ማርሹ ቀጭ ብሎ ሦስተኛ ገባ። በዚህ ጊዜ አልታገለችውም፤ ተወችው። ሳይክሉ ቀለላት፤ ዳገቱን የሚያውቀው ይመስል ነበር። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ከኋላቸው ተከተለ፣ ግን ዛሬ ከሩቅ ነው፤ የደከመው ሰው ድምፅ። እንግዶቹ እየተሳሳቁ ይወጣሉ፤ አንዳቸውም ዞር አላሉም። ጵርስቅላ ፈርታለች። ከፍርሃቱ ጋር ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ ሰላሙ አሳዘናት።

ማርያም አጥር ሥር ቆሙ። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። አምስት። እናቷ ትዝ አለቻት፣ ያ ስድስት ወር ትዝ አላት።

"እሺ ጵርስቅላ" አለ ግሩም እስክሪብቶውን አውጥቶ። "ሁሉም ደርሷል?"

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ከታች ከኩርባው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ጠቅ... ጠቅ... ይላል። እየቆመ፣ እያረፈ።

"አንድ ሰው ቀርቷል" አለች።

ግሩም እንግዶቹን አየ፣ እሷን አየ። "አምስት ናቸው እኮ። ደግመሽ ቁጠሪ፤ መልስሽን ነው የምጽፈው።"

"ቆጥሬያለሁ። ጻፈው።" ሳይክሏን መንገዱ ዳር አስተኛችና ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አንድ ቀርቷል። እስኪደርስ እጠብቀዋለሁ።"