ያልታጠፈው ጥግ

ፎቶውን ሦስት ቀን ሙሉ እያየች ጥጉን ልብ አላለችውም ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ሰፍታ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ልጇ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አምጥታ ደቀነችባት።

«ሁለት ሺህ ሰው እኮ ወደደው፣ እማዬ!»

መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየች። ከሦስት መቶ በላይ ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥማ፣ በመሐሉ ጥጥ ዘርግታ፣ ስምንት ወር የሰፋችው የአልጋ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሰማያዊው ከነጩ ጋር እየተጠማዘዘ፣ ውሃ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ እንደሚሽከረከር ወደ መሐል ይሰምጣል። ያምራል። የታችኛው ቀኝ ጥግ ግን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

«ጥጉ» አለች።

«ምን ሆነ ጥጉ?»

«ወደ ላይ አጥፌው ነበር እኮ! በስፒል ይዤው ነበር። ማን ነው የፈታው?»

«እኔ ነኛ። ንፋስ ያጠፈው መስሎኝ…»

«ንፋስ ስፒል ይዞ ነው የሚዞረው?»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች የገባችበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። ንድፉን ያወጣችው ሴት ስም ከጀርባ፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ በቀይ ክር ይሰፋል። ሥራው ለሰው ሲታይ ያ ጥግ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የሰፋችው ሌላ ብትሆንም ያሰበችው ማን እንደሆነች ይታወቅ ዘንድ። መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት የፋብሪካው ንድፍ አውጪ ነበረች። የንድፍ ካርቶን ስትቆርጥ እጇ ስለማይንቀጠቀጥ «መቀሶ» ይሏታል። መቀሶም በበኩሏ ለተማሪዋ ስም አወጣች፤ በር ሲንኳኳ የምትዘል፣ ስልክ ሲጠራ ሰው የሞተ የሚመስላት ስለሆነች «ድንጉጤ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ይህን የአዙሪት ንድፍ ባለፈው ዓመት ለድንጉጤ የሰጠቻት መቀሶ ናት። «የፈለግሽውን ያህል ስፊበት። ስታሳዪ ግን የማን እንደሆነ ተናገሪ» ነው ያለቻት። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም።

ከፎቶው ሥር ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ይላል፤ «ከሐሳቡ እስከ መጨረሻው ስፌት የእማዬ ሥራ!»

«ፎቶውን አጥፊው!» አለች ድንጉጤ።

«እማዬ፣ ስንቱ ወስዶ በየገጹ ለጥፎታል። እኔ ባጠፋው ምን ዋጋ አለው?»

«እንግዲያው ጻፊበት። ንድፉ የእትዬ መቀሶ ነው በይ።»

ልጅቷ ጣቷን አፈጠነች። «ጻፍኩ። ልላከው?»

«ቆይ! መጀመሪያ ልደውልላት። ሳልነግራት ድንገት ብታየው፣ ሊሰርቁኝ አስበው ሲነቃባቸው ነው ብትልስ?»

«አንቺ እኮ ውሃ ስትጠጪ እንኳ ቢያንቀኝስ ብለሽ ነው የምትጠጪው።»

ደወለች። ጠራ፣ አልተነሣም። አራት ጊዜ ደወለች። በአምስተኛው ስልኩ ተዘግቷል። ድንጉጤ መቀሶን በሐሳቧ ደረጃ ላይ ጣለቻት፣ መኪና ሥር አስገባቻት፣ ሆስፒታል አስተኛቻት። ከዚያ ደግሞ የመቀሶ ልጅ ትዝ አላት። አንድ ሆቴል በር ላይ በጥበቃነት የሚሠራ፣ ጎረቤቱ «ግንዱ» የሚለው፣ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው። መቀሶ በሙቀት ወራት ሻርፕ እስከ ጉንጯ ስትጠመጥም ድንጉጤ አይታ ዝም ብላለች።

«ተነሺ፣ በሩን እንቆልፍ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ?»

«ተነሺ አልኩ!»

የዚህ ቤት በር ለአንድ ሰው አይቆለፍም። የቆርቆሮ በር ነው፤ ማጠፊያው ወርዶ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው በታች ይውላል። አንድ ሰው እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ይገፋል። የጭነት መኪና የሚነዳው ባሏ «ስመለስ አሠራዋለሁ» እያለ ሁለት ዓመት አስቆጥሯል፤ ያውም ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ብየዳ ሠሪ ሆኖ። ብየዳ ሠሪው አሁንም ብረት ይቆርጣል። የመቁረጫው ጩኸት ጥርስ ያነዝራል።

ልጅቷ እየሳቀች እጀታውን ያዘች፣ አነሳች። ድንጉጤ መዳፏን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። ያኔ በሩ ከውጭ ተመታ።

ጠርዙ የልጅቷን ግንባር አገኘው። ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ወንበሩን ይዛ ወደቀች። ግንዱ በሩን ሞልቶ ገባ። የጥበቃ ሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል፣ ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል።

«የታለች ያቺ ሌባ?»

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? እናትህ ደህና ናት?»

«እናቴን በአፍሽ አትጥሪ!»

በጥፊ መታት። መነጽሯ ግድግዳው ጋ ደርሶ ተሰበረ። ጆሮዋ ውስጥ የብየዳ ሠሪው ብረት የገባ መሰላት።

«ዛሬ እናቴን ይዤ ገባሁ፤ ደጁን የምጠብቀው ሆቴል!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ለክፍሎቹ ይሆናል ብዬ በዚያው ንድፍ የሰፋችውን የአልጋ ልብስ ሥራ አስኪያጇ ፊት ዘረጋሁት። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ምን እንዳሳየችኝ ታውቂያለሽ? ያንቺን! 'ይሄማ የሌላ ሴት ነው፣ ከኢንተርኔት ቀድታችሁ ነው' አለችኝ። እናቴ የእኔ ንድፍ ነው ብላ ብትምል ማን ይስማት! ሳህን የሚያጥቡት ሳይቀሩ ወጥተው ሳቁብኝ። የሌባ ልጅ ተባልኩ!»

«ስህተት ነው። ጥጉን አጥፌው ነበር፣ እመነኝ፣ ልጅቷ ሳታውቅ…»

አላስጨረሳትም። የስፌት መኪናዋን በሁለት እጁ ከጠረጴዛው ነቅሎ መሬት ላይ ከሰከሰው። ሲሚንቶው ተፈረከሰ፤ የመኪናው መዘውር ተነቅሎ እየተንከባለለ አልጋ ሥር ገባ።

ልጅቷ ከግንባሯ የሚወርደውን ደም በክንዷ እየጠረገች ስልኩን አነሳች። «ጽፈነዋል እኮ! ይኸው፣ እየው፣ አሁን እልከዋለሁ!»

የእጅ አንጓዋን ያዘና ስልኩን ወደ ፊቱ አዞረው። አነበበ።

«ኮቴዬን ስትሰሙ ጻፋችሁ?»

አንጓዋን ጠመዘዘው። ድምፁን ድንጉጤ ሰማችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ አጭር። ስልኩ ወደቀ። ልጅቷ መጀመሪያ አልጮኸችም፤ ወደማይሆን አቅጣጫ የዞረውን እጇን እያየች አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ነው ጩኸቱ የመጣው።

«የሰው ያለህ!» አለች እናትየው። ከግድግዳው ወዲያ ብረቱ መልሶ ጮኸባት።

ድንጉጤ ዕድሜዋን ሁሉ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ስትል ኖራለች። ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ግን አስባ አታውቅም። እጇ ግን አወቀ። ከጠረጴዛው ዳር ለቀሚሱ ያጋለችውን ካውያ አነሳችና ግንዱ አንገት ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ለጠፈችበት። ቆዳው ጨሰ። ግንዱ እንደ በሬ አገሳና ልጅቷን ለቆ እናቲቱን ያዘ። ጀርባዋን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጉሮሮዋ ላይ ሁለት አውራ ጣቶቹን ተከለ። ካውያው ከእጇ ወደቀ። ልጅቷ መሬት ላይ ሆና በግራ እጇ እግሩን ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። እሱ አይሰማውም። ጣሪያው ጠበበ። ልጄን ብቻዋን ልተዋት ነው ስትል አሰበች፤ ከዚህ ሰው ጋር፣ ከማይቆለፍ በር ጋር።

«ልቀቃት!»

መቀሶ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ስልኩ ለምን እንዳልተነሣ ድንጉጤ ያኔ ገባት።

ግንዱ እናቱን ፊት ለፊት አላያትም። እጁን አላላ። «ላንቺ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ቁጣው ሌላ ማረፊያ ሲፈልግ አልጋው ላይ የተነጠፈውን የአልጋ ልብስ አገኘ። ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከጠረጴዛው ነጥቆ መሐሉ ላይ ሰካውና እስከ ጠርዙ ሸረከተው። ጥጡ ተበተነ። ግማሹን ወርውሮ መቀሶ እግር ሥር ጣለው።

«ይኸው ንድፍሽ! አሁን ማንም አይሰርቀውም!»

ድንጉጤ ጉሮሮዋን ይዛ እያሳለች ለመናገር ታገለች። «እትዬ… ጥጉን እዪ። ጀርባውን።»

መቀሶ ጎንበስ አለች። እጇ ሳትፈልግ በቀጥታ ወደ ቀኙ ጥግ ሄደ፤ ፋብሪካ ውስጥ ሺህ ጊዜ እንዳደረገችው ጥጉን ወደ ፊት ገለበጠችው። ቀይ ክር፣ ሦስት ፊደል፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስፌት። መቀሶ።

«ሰፍተሽዋል» አለች።

«ሰፍቼዋለሁ። አጥፌውም ነበር።»

«እኔ ነኝ የዘረጋሁት፣ እትዬ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «የተጨማደደ መስሎኝ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

መቀሶ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ሳቅ ብትል ደም ፈሰሰ። «አንቺ ድንጉጤ! ስለ ጎርፉ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ለዚህች ልጅ ስትነግሪያት ትውያለሽ። ይህችን አንዲት ጥግ መንገር አቃተሽ?»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አየህ? ስሜ አለ። ማንም አልሰረቀኝም። መቀሱን አስቀምጥና ልጅቷን አንሣት፤ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«የማይታይ ስም ምን ያደርግልኛል?» አለ። «የተሳቀው በእኔ ነው! በእኔ!»

በቡጢ መታት። ያበጠውን ዓይኗን ደገመው። መቀሶ ድምፅ ሳታሰማ በተሸረከተው ጨርቅ ላይ ተዘረጋች፤ ነጩ ቁራጭ ቀላ። መቀሱ አሁንም በሌላው እጁ ነበር፤ ከፍ አደረገው። ማንን ለመውጋት እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ድንጉጤ የብረቱን ማስመሪያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጎትታ በሙሉ ኃይሏ የእጁን አጥንት መታችው። መቀሱ ወደቀ። ደገመችው፣ ጉልበቱን። ሠለሰችው። እየመታች ምን እንደምትል አታውቅም፤ ልጅቷ ግን በኋላ «አጥፌው ነበር! አጥፌው ነበር!» ትዪ ነበር ብላታለች። ግንዱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የተሰበረው የስፌት መኪና እግሩን ጠለፈው። በበሩ ደፍ ላይ ተንጋሎ በጀርባው ውጭ ወደቀ።

«በሩን!»

ሁለቱ ተደገፉት፤ እናት በትከሻዋ፣ ልጅ በጀርባዋ። ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ጫማው ተሰነቀረ። ድንጉጤ ካውያውን በሽቦው ጎትታ አነሳችና ጫፉን እግሩ ላይ ሁለት ጊዜ አወረደችው። እግሩ ወጣ። በሩ ገጠመ።

ገጠመ እንጂ አልተቆለፈም። መዳፏ መቀርቀሪያው ላይ ነው፤ ቀዳዳው ከላይ ነው። ልጇን አየች። የልጅቷ ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ እንደ ባዶ ጓንት ተጥሏል። በሩ አንድ ጊዜ ተገፋ፣ ሁለት ጊዜ።

«እትዬ!» አለች ድንጉጤ። «እጀታውን ወደ ላይ አንሺልኝ። ለብቻዬ አልችለውም።»

መቀሶ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። መጣች። እጀታውን ጨበጠች። ያኔ ከውጭ የሚመጣው ግፊት ቆመ፤ ድምፁም ተለወጠ፣ የትንሽ ልጅ ሆነ።

«እማዬ፣ ክፈቺልኝ። አቃጠለችኝ እኮ። ለስምሽ ብዬ ነው እኮ፣ እማዬ።»

መቀሶ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያ የማይንቀጠቀጠው። ድንጉጤ የሚሆነውን አየችው፤ ትከፍትለታለች። እናት ናት፣ ትከፍትለታለች። እሷም ብትሆን ትከፍት ነበር። ማስመሪያውን በሌላው እጇ አጥብቃ ያዘች።

«አንቺ ልጅ» አለች መቀሶ ሳትዞር። «ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

ልጅቷ መስታወቱ የተሰነጠቀውን ስልክ በግራ እጇ ከመሬት አነሳች። «'ንድፉ የእትዬ መቀሶ ነው፤ እማዬ የሰፋችው ብቻ ነው።'»

«'ብቻ' የሚለውን አውጪው። የስምንት ወር ስፌት 'ብቻ' አይባልም። ላኪው።»

«እማዬ!» በሩ በእግር ተመታ። «አንቺ አሮጊት፣ ክፈቺ!»

ልጅቷ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ሄደ» አለች።

መቀሶ ጫማ የሌለውን እግሯን ሲሚንቶው ላይ ተከለች፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከወገቧ፣ በሩን አነሳችው። ከግድግዳው ወዲያ ብረት መቁረጫው በድንገት ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድንጉጤ መቀርቀሪያውን ገፋች፤ ቀዳዳውን አግኝቶ እስከ መጨረሻው ገባ።