በመግቢያው ገጽ ላይ ያለችው አማት

ጋትኬክ ዓሣውን ጎርሶ ማኘክ ሲጀምር የጠፋው መብራት መጣ። ኮምፒውተሮቹ መብራት ሲመጣ ራሳቸው ይነሣሉ። ተነሡና የተማሪዎቹን ፎቶ በየመግቢያ ገጻቸው ደረደሩ። ከፎቶዎቹ አንዱ የሚስቱ እናት የኛጃል ነው። ቀጥ ብላ ታየዋለች።

ምሳ ያመጣችለት ሚስቱ ኛሬአት ሳቀች።

"እማዬ አየችህ!"

ጋትኬክ ጉርሻውን መዋጥም መትፋትም አቃተው። በእነሱ ወግ ባል በሚስቱ እናት ፊት አይበላም። ኛጃል በአንድ መንገድ ስትመጣ እሱ በሌላው ይሄዳል። ከተጋቡ ጀምሮ ሲያኝክ አይታው አታውቅም።

ቤቱ በጋምቤላ ከተማ ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ነው፤ የዕቃው ጠባቂም የኮምፒውተሩ ጠጋኝም ጋትኬክ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ዘግቶ ያርፋል። እሱ ግን ዕቃ ጥሎ መሄድ ስለማይችል ምሳውን እዚያው ይበላል። ፊደል ገና ያልለመደ ተማሪ ፎቶውን ተጭኖ ይግባ ያሉት መምህር ወልደሥላሴ ናቸው። ኛጃል የተመዘገበችው ከድንበር ማዶ ማላካል ላለው ወንድ ልጇ የምትልከውን መልእክት ሰው እየለመነች ማጻፍ ስለሰለቻት ነው።

"ፎቶ እኮ ነው፣ ጋትኬክ" አሉት መምህሩ፣ በበሩ ሲገቡ ምሳውን መልሶ ሲከድን አይተው።

"እርስዎ ሥዕል ፊት ይሰግዱ የለ? እኔ ሥዕል ፊት ባልበላ ምን ይገርምዎታል?"

መምህሩ ሳቅ ብለው ወደ ጠረጴዛቸው አለፉ። ከደጋ መጥተው እዚህ ሲያስተምሩ ብዙ ክረምት አልፏቸዋል፤ የአገሩን ወግ ያውቃሉ።

ጋትኬክ ፎቶዎቹን ለመደበቅ ቆረጠ። ስለ መግቢያው ገጽ የተጻፈው መመሪያ ግማሽ ገጽ አይሞላም። "ዝርዝሩን ለመደበቅ በማስተካከያው ፋይል ያለውን መስመር ይቀይሩ" ይላል። የቱ ፋይል እንደሆነ አይልም። ስማቸው አንድ የሆነ ፋይሎች በሁለት ቦታ አገኘ። አንዱን ቢቀይር ምንም አልሆነም። ሌላውን ቢቀይርም ያው ነው። ደጋግሞ ካየ በኋላ በመስመሩ ፊት መሰላል የመሰለች ምልክት (#) አስተዋለ። እሷ ካልተነሣች ማሽኑ መስመሩን ዘሎት ያልፋል። መመሪያው ይህን አልጻፈም። ምልክቷን አነሣ። ፎቶዎቹ ጠፉ፤ ስም የሚጻፍበት ባዶ ሣጥን ብቻ ቀረ። ደስ አለው።

ከሰዓት በኋላ ኛጃል መጣች። እሱ በጓሮ በር ወጣና በመስኮት ያይ ጀመር። ተቀመጠች። ፊቷን ፈለገች። አጠገቧ ወዳለው ኮምፒውተር አየች፤ እዚያም የለችም። ስሟን በፊደል መጻፍ ገና አልቻለችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ማታ ኛሬአት ራት አቅርባ ፊቱ ቆመች።

"እናቴ 'የልጄ ባል ፊቴን ማየት ጠላና አጠፋኝ' ብላለች። ከእንግዲህ አልማርም ነው የምትለው።"

"አክብሬያት ነው!"

"ታዲያ ለእሷ ንገራት።"

"በምን አፌ ነው የምነግራት?"

"በማትበላበት አፍህ!" አለችው።

በነጋታው ምልክቷን መልሶ ፎቶዎቹን አመጣ። የኛጃልን ፊት እዚያ መተው ግን አልሆነለትም። ብዙ ካሰበ በኋላ ሚስቱን ጠየቀ።

"ለጥሎሽ ከሰጠኋቸው ላሞች እናትሽ የቷን ነው የምትወደው?"

"ቀይዋን፣ ግንባረ ነጯን። ሌላ ሰው አያልባትም።"

ላሟ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ከኛሬአት አጎት መንጋ ጋር ለግጦሽ ወጥታ ነበር። ሄዶ በስልኩ ፎቶ አነሣት። በኛጃል ፎቶ ቦታ ሊያስገባት ቢሞክር ግን ፊት የሌለው ግራጫ ራስ ብቻ ወጣ። መመሪያው "ፎቶውን ይተኩ" ብሎ አቁሟል። ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው። የመግቢያው ገጽ ማንም ሳይገባ ቀድሞ የሚቆም ነው፤ በር ላይ እንዳለ እንግዳ፣ የማንንም ጓዳ መክፈት አይችልም። ፎቶውን ከራሱ የተቆለፈ ማኅደር አውጥቶ ሁሉ በሚያየው ቦታ አኖረው። ላሟ ብቅ አለች።

ኛሬአት እናቷን እየጎተተች አመጣቻት። ጋትኬክ ከመስኮቱ ጀርባ ቆመ። ኛጃል እንደኮረፈች ተቀመጠች። ማያውን አየችና ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ላሟን ተጫነቻት፤ ገጹ ተከፈተላት።

ወደ መስኮቱ አልዞረችም። ድምጿን ግን ከፍ አድርጋ ለኛሬአት ተናገረች።

"ይህችን ላም የሰጠኝ ሰው በእኔ ምክንያት ጦሙን አይዋል በይው።"

ሳምንቱ ሳያልቅ ሌሎቹም ሴቶች ላማችንን አስገባልን ብለው ያዙት። በየቤቱ እየዞረ ላሞቹን ፎቶ አነሣ።

አንድ ቀትር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ላሞቹ በየማያው ተደረደሩ። ጋትኬክ ዓሣውን ያኝካል። መምህሩ በሩ ላይ ቆመው አዩት።

"ላሟስ አታይህም?"

"እሷን ሳበላ የኖርኩት እኔ ነኝ" አለ ጋትኬክ። ጎረሰ።