አውድማው ዳር የቆመችው ፒካፕ

ገብስ ልትጭን የተጠራችው አዛለች አሮጌ ፒካፗን እስከ አውድማው ጫፍ አደረሰችና ድንገት ወደ ኋላ መለሰቻት። ሣር የሌለበት ድንጋያማ መንገድ ላይ አቁማ ሞተሯን አጠፋች።

ደጀኔ መንሹን ጥሎ ተጣራ። «ነይ እንጂ! ጆንያው እዚህ ነው!»

ከመዘዞ ከተማ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። የዓመት ገብሱ ሜዳ ላይ ነው፤ ያለችው ሸራ ግማሹን እንኳ አትሸፍንም።

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። ደጀኔ ነገሩ የገባው መሰለው። በአባቱ ጊዜ ሴት ምርት ያለበት አውድማ አትረግጥም ነበር። እሱም ቸርነቱ በዝቶ ወጉን ሊሽርላት ቆረጠ።

«ግድ የለም እቴ፣ ግቢ! ያ ድሮ ቀረ።»

«እኔስ እገባለሁ፣ ጋሼ። መኪናዋ ናት የማትገባው። እሳት ታስነሳለች።»

የሚያዘሩት ሁሉ ቀጥ አሉ። ደጀኔ ደሙ ፈላ።

«በምርት ላይ እሳት ትጠሪያለሽ? አታሟርቺ!» ወደ አማቹ ዞረ። «ኤርሚያስ፣ ለቴዎፍሎስ ደውል፤ መኪናውን ይዞ ይምጣ። እሱ እንዲህ አይግደረደርም።»

«ደውሉ፣ አልቀየምም» አለች አዛለች። «ብቻ መጥተው ይዩልኝ።»

ደጀኔ እያጉረመረመ ሄዶ መኪናዋ አጠገብ በርከክ አለ። የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ አፍንጫውን መታው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ የጭስ ማውጫው መሐል ያለው ብረት ከምድጃ እንደወጣ ማረሻ ቀልቷል።

«ካታላይዘር ይሉታል፤ ጭሱን የሚያጣራው ነው። ተደፍኖ ትንፋሿን አፈነው። እስከ ትናንት ጉልበት ብቻ ነበር የምትነሳኝ፤ ዛሬ ዳገቱ ላይ ጭራሽ ጋለች። ነገ ደብረ ብርሃን ጋራዥ አስገባታለሁ። ቤትዎ ቁልቁል ነው፤ ስትበርድ ቀስ ብዬ አደርስልዎታለሁ። ግን ጆንያውን እዚህ ድረስ መሸከም ይኖርባችኋል። ቴዎፍሎስም ቢመጣ የመኪናውን ሥር ሳያዩ አያስገቡት።»

ደጀኔ ከጋቢው ላይ ጭድ ለቅሞ ብረቱ ላይ ጣለበት። ወዲያው ጠቁሮ ጨሰ።

ዞሮ አውድማውን አየ። ጭዱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ይህች ሴት ዝም ብላ ገብታ፣ ጭና፣ ተከፍላ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን እንጀራዋን ለሌላ አሳልፋ ሰጥታ፣ ስድቡንም ጠጥታ የሰው ገብስ ታድናለች። ደጀኔ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አከበራት።

አንድ የዝናብ ጠብታ ማጅራቱን መታው።

«ቴዎፍሎስ እሺ ብሏል፤ መጣሁ ነው የሚለው» አለ ኤርሚያስ ስልኩን እንደያዘ። «እንጠብቀው?»

«አይምጣ በለው። ገብሴን የምትጭነው እሷ ናት።»

ደጀኔ ወደ ጆንያዎቹ ሄዶ ጀርባውን ለሸክም ሰጠ።

«ቶሎ አሸክሙኝ!»