የሙሽራው ወገን ካሴት

ሙፈሪሓትና ዓብዱ ደሴ ላይ ሲጋቡ ሠርጋቸው በሁለት ካሜራ ተቀረጸ። የሷ አጎት ቪኤችኤስ የሚባለው ካሜራ ነበረው፤ የዓብዱ ታላቅ ወንድም ደግሞ ከጅዳ ቤታማክስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ካሜራ ከነማጫወቻው ይዞ መጥቶ ነበር። የሷ ወገን ካሴት ተባዝቶ ዘመድ ሁሉ አየው። የሱ ወገን ካሴት ግን፣ ወንድምየው ማጫወቻውን ይዞ ወደ ጅዳ ሲመለስ፣ በቪኤችኤስ ማጫወቻ ስለማይሠራ የሚያጫውተው ጠፋ። ካሴቱ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ አብሯቸው መጥቶ ላንድማርክ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ቁም ሣጥን ገባ።

«ምስሉ ግን የኛ ይበልጥ ነበር» ይላል ዓብዱ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር።

«ያላየነው ምስል!» ትለዋለች።

ዘንድሮ ከኢድ በኋላ ልጃቸው ኢፋት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ድሮ ቪዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አዛውንት አገኘች።

«ኮል አደረግኩላቸው፤ ቤታማክስ አላቸው። ቅዳሜ ኑ ብለዋል» አለቻቸው።

አዛውንቱ አቶ ገብረየስ ከቤታቸው ስር ባለው ቤዝመንት ተቀበሏቸውና የካሴቱን ሻጋታ ቀስ ብለው ጠረጉት።

«ክሩ አርጅቷል፤ ሊበጠስ ይችላል። እየተጫወተ ወደ ኮምፒውተር እቀዳዋለሁ» አሉ።

«ግን ከቪኤችኤሱ የኛው ቤታማክስ አይሻልም ነበር?» አለ ዓብዱ።

«በምስልማ ይሻል ነበር። ግን መጀመሪያ ሲወጣ የሚቀዳው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኛው ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይዞ መጣ። ብዙ ፋብሪካ ስለሠራው ረከሰ፣ ሰውም እሱን ገዛ። ካሴት አከራዮቹ ደግሞ ሰው ቤት ያለውን ተከተሉ።»

ምስሉ ተንቀጥቅጦ ተረጋጋ። ሙፈሪሓት የምታውቀው ሠርግ አልነበረም። የሙሽራው ቤት ነው፤ ሊወስዷት ገና አልተነሱም። ዓብዱ አዲስ ሱፉን ለብሶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት፣ እናቱ ጎንበስ ብለው ያስሩለታል።

«እማ፣ ሐሳቧን ቀይራ ቢሆንስ?»

«አንተ ብቻ ደግ ሁንላት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሌላው የአላህ ነው።»

ቁጭ ብሎ የሚያየው ዓብዱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሙፈሪሓት ወደሱ ዞረች።

«ያን ቀን ፊትህን አጥቁረህ ስትገባ ተገደህ የመጣህ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ፈርቼ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሳትነግረኝ?»

«አፍሬ።»

ካሴቱ ሳይበጠስ አለቀ። ሙፈሪሓት አቶ ገብረየስን የዓብዱ እናት ያሉበት ቦታ ላይ እንዲመልሱላት ለመነቻቸው፤ ከኮምፒውተሩ አሳዩአት። ዓብዱ ሊወጣ ሲነሳ እጁን ይዛ አስቀመጠችው። እስኪያልቅም አልለቀቀችውም።