በቀይ የተሰረዘ ስም

ዝናሩ የራሺያ ሸራ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን፣ ሦስት ካዝና የሚይዝ ኪስ፣ የክላሽ፣ የቻይናው ደረት ላይ ነው የሚታሰረው፣ ይሄ ወገብ ላይ፣ ስድስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚህ ስደት አገር ሲዋርድ ሰፈር ባለው የፍቅሬ ሳሎን ተደርድረው አፌን ያያሉ፣ ይዩ፣ አሥራ አራት ዓመት ደብረ ዘይት ግምጃ ቤት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፣ ዝናር ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ። ጋሼ መገርሳ፣ ኮንፈርም አድርግልንና እንገላገል፣ ይለኛል ፍቅሬ፣ እህቱ ሮማነወርቅ ከናይት ሺፍት ልትገባ ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል፣ መርዶ በጠዋት ነው።

ፍቅሬ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄዶ ዝናሩን መርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ አገኘው፣ ገልበጥ ሲያደርገው የእህቱ ባል ስም፣ ሰረቀብርሃን፣ በቀይ ቀለም የተሰረዘ፣ ከሥሩ ቀን፣ 12/2/83። ፍቅሬ የእድር ጸሐፊ ነው፣ እሱ መዝገብ ላይ በቀይ የሚሰረዘው የሞተ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሞቷል አለ፣ ሁሉም አመነው፣ ስምንት ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ወታደር፣ እንዴት አያምኑ።

ቀዩ ቀለም የኔ ነው።

ቀኑ ላይ ያለችው የቁጥር ሁለቷ ጭራም የኔ። በሞዴል 22 ቅጽ ዕቃ ወጪ፣ በሞዴል 19 ገቢ፣ ወታደር በእግሩ መጥቶ ትጥቁን ሲያስረክብ ስሙን በቀይ እሰርዛለሁ፣ ቀን እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ የሞተውን ግን ስሙን ከሸራው ላይ በመቀስ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ የሟች ስም እንዳይታጠቅ፣ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፣ አንድም። ሰረቀብርሃን አስረክቦ፣ ፈርሞ፣ ወጥቶ ሄዷል፣ መልኩን አላስታውስም፣ ስንቱን ላስታውስ።

እና? ደስ ይበልሽ ልበላት? ታልቅስና ይውጣላት፣ ይላል ፍቅሬ፣ ገና ሠላሳ አራቷ ነው፣ ትዳር ትያዝ፣ ክፋት የለበትም፣ አዎ ሞቷል ብል ማን ይከራከረኛል፣ አንዲት ቃል ናት፣ ግን በንብረት አልዋሽም፣ ኮሎኔል አስፈራርቶኝ ያልዋሸሁ ለፍቅሬ ብዬ አልዋሽም።

በሩ። የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት፣ ነጠላዎቹን ታያለች፣ ቦርሳዋ ይወድቃል፣ እጇ ወደ ጭንቅላቷ፣ ሞተ? ትላለች፣ እኔ እነሳለሁ፣ ሮማን፣ ይሄ የሞተ ሰው ዝናር አይደለም፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሰማንያ ሦስት፣ በእግሩ መጥቶ አስረክቦኝ ሄዷል፣ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፣ እላለሁ፣ አንዱ ተመስገን ይላል፣ ፍቅሬ መሬት መሬት ያያል።

እሷ ዝናሩን ትቀበለኛለች፣ ቀኑን በጣቷ ትዳስሰዋለች። ጥቅምት፣ ትላለች፣ ጥቅምት እኮ እዚያው አዲስ አበባ ቤታችን ነበርኩ፣ እሱ የሚያውቀው ያው ቤት፣ እስከ ሰማንያ አምስት አልለቀቅኩም፣ ከደብረ ዘይት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ አልመጣም።

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ለሞተ ሰው እንደሚለቀሰው፣ ደረቷን እየመታች፣ ሰዎቹ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ወይስ ይተዉት ግራ ገብቷቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።