ሠላሳ ሦስት ክፍት ቦታ

መሪጌታ ወልደአረጋይ ሥራ በዝቶባቸዋል። አንኮበር ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ገና አላገኙትም ማለት ነው። ብራና ጸሐፊ ናቸው፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሰብሳቢ ናቸው፤ ዘንድሮ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የእድር ዳኛ ካልሆንኩ ብለው ተነሥተዋል። ስልካቸው ሁለት ነው። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይጮኻል፤ ሁለቱም ካረፉ ራሳቸው ይደውላሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ቢባሉ፣ ተረቱንም የሚሰሙበት ጊዜ የላቸውም።

ባለቤታቸው በሰለች ፊደል አልቆጠረችም። ቆዳውን የምትዘፈዝፈው፣ የምትወጥረው፣ የምትፍቀው ግን እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት «አንቱ» ስትላቸው ኖራለች። ሆዷ የሚላቸው ሌላ ነው፤ እሱን አሁን አልነግራችሁም።

አምና የጎረቤቷ የሥርጉት አንድያ ልጅ ዘርአ ዳዊት ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ። እናትየው የልጇን ፍየሎች አንድ በአንድ አሳርዳ ቆዳውን ለበሰለች አመጣች። «ድርሳን ይጻፍልኝ። በሙት ዓመቱ ሲነበብ ስሙ ሲጠራ ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች። በሰለች ያንን ቆዳ እያለቀሰች ነው የፋቀችው።

ጥቁሩ ጽሕፈት በዘጠኝ ወር አለቀ። እጃቸው መልካም ነው፤ አይካድም። የቀረው በቀይ ቀለም የሚገባው ስም ነበር። ድርሳኑ በየምዕራፉ መጨረሻ «በረከቱ ከአገልጋዩ ከእገሌ ጋር ይሁን» ይላል፤ ለእገሌ ሠላሳ ሦስት ቦታ ክፍት ተትቷል።

«ስሙንስ መቼ ይሞሉታል?» አለች በሰለች፣ ለሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው።

«ስም መሙላት ምን ሥራ ነው? ዋናው አልቋል። ሥራ ቅደም ተከተል አለው፣ አንቺ ሴት!»

ቅደም ተከተላቸው ይኸውላችሁ፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ከዚያ ምሳ።

በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ ተቀመጡ። ስልኩን በጆሮና በትከሻቸው መሃል ሸጉጠው የመቃ ብዕራቸውን ቀይ ቀለም ውስጥ ይነክራሉ። በማግስቱ እሑድ የእድሩ ምርጫም ነበርና የሚያወሩት ስለ ተወዳዳሪያቸው ብቻ ነው።

«ገብረመንፈስቅዱስ? ኧረ ገብረመንፈስቅዱስን ተወኝ! ድንኳን መትከል የማያውቅ ሰው ዳኛ ይሆናል?» አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይገባል፤ ገብረመንፈስቅዱስ እንዲህ አለ፣ ገብረመንፈስቅዱስ እንዲያ አደረገ። በመሃል ቀና ብለው በሰለችን ተቆጡ። «ይኼ ቦታ ምን ነክቶት ጠበበ? ስሙ አልገባ ብሎ ወደ ኅዳጉ አስወጣኝ!»

ቦታውን ለክተው የተዉት ራሳቸው ናቸው። «ስሙ አጭር አይደል እንዴ?» አለች በሰለች።

«ደግሞ ጽሕፈት ልታስተምሪኝ ነው?»

ወደ ቆዳዋ ተመለሰች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምን ይላል? ዛሬም ድረስ ይቆጫታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጠ። ሥርጉት ጥቁሯን ለብሳ ከበሰለች አጠገብ ናት። ዲያቆን ምስጋና ድርሳኑን ዘርግቶ አነበበ፤ ቀዩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«... ከአገልጋዩ ከገብረመንፈስቅዱስ ጋር ይሁን!»

ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ መቼም ልማድ ነው። በሁለተኛው ሰው ተያየ። በሦስተኛው ከወንዶቹ በኩል ሳቅ መጣ። «ወይ መሪጌታ! ለተወዳዳሪያቸው እንዲህ ይጸልያሉ?» አለ አንዱ። ገብረመንፈስቅዱስ ራሱ ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

ሥርጉት አልሳቀችም። ወደ በሰለች ጠጋ ብላ፣ «በሰልዬ፣ የኔ ልጅ መቼ ነው የሚጠራው?» አለቻት።

በሰለች ባሏን አየች። መሪጌታ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። አወጡት፤ አዩት። እና፣ በስመ አብ! «አንዴ፣ የእድሩ ጉዳይ ነው» ብሎ ወጣ። አዎ፣ ብሎ ወጣ። እኔም አንቱታዬን እዚሁ ላይ ጨርሻለሁ።

በሰለች ተነሥታ ቆመች። «ዘርአ ዳዊት!» አለች ጮክ ብላ።

ዲያቆኑ ገባው። ከዚያ ወዲያ ቀዩ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል፤ ፊደል የማታውቀው ሴት ስሙን ትነግረዋለች፤ እሱም ይጠራዋል። ሠላሳ ጊዜ። ሥርጉት በእያንዳንዱ «አሜን» እያለች መሬቱን ሳመች።

ወልደአረጋይ ስልኩን እያጠፋ ሲመለስ ሰው ተነሥቷል። «አለቀ እንዴ?» አለ።

«አንተ» አለችው በሰለች። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ናት። «ቤት ግባ። ሠላሳ ሦስት የምትፍቀው ስም አለህ። መፋቂያው የት እንደሚቀመጥ አታውቅም፤ እኔ አሳይሃለሁ።»