የታናሿ ጫማ

እታለምን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከጫማ ጋር አስቀመጧት። «እዚህ ነፋስ ያገኝሻል» ብላ ወንበሩን በሩ ሥር ያደረገችላት የእህቷ ልጅ ነበረች፤ እውነቱ ግን ወዲህ ነው፦ ሶፋው ላይ የሚቀመጡት ተናግረው የሚደመጡ ሰዎች ናቸው። የሞተችው የእሷ ታናሽ፣ አዝላ ያሳደገቻት እሷ፤ ሆኖም እንግዳ በገባ ቁጥር የሚሻገራት ደፍ ሆና ቀረች። አንዳንዱማ ጫማውን ሲያወልቅ ትከሻዋን እንደ ግድግዳ ይደገፈዋል።

ይሁን፣ አለች በሆዷ። ጫማ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ክምር መሀል ግን አንዱን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ቡናማ ነው፣ ተረከዙ ወደ ውስጥ የተበላ፣ የታናሿ ጫማ። ሟቿን ሆስፒታል የወሰዷት በነጠላ ጫማ ስለነበር እዚያው በሩ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ውጭ እንደ ዞረ ቀርቷል። እግሩን ወደዚያ ያስጠጋውን ሁሉ «ዓይንህን የት ጥለኸው መጣህ?» እያለች ሰነበተች።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ አንቀላፋ። መጋረጃው ይተነፍሳል። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ የሴቶቹ ሹክሹክታ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። እታለም ዓይኗን ከደን ስታደርግ ታናሿ በሩ ላይ ቆማ ታየቻት። የሞተችው አሮጊት ሳትሆን ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ወለሉን በባዶ እግሯ እየዳበሰች ጫማዋን የምትፈልግ።

ሹክሹክታው ስለ ፎቶ ነበር። የሟቿ ፎቶ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተገዛው ፍሬም ባዶውን ቆሟል። ይህን ያህል ዕድሜ ኖሮ አንድ ፎቶ የሌለው ሰው ይኖራል ወይ ይባባላሉ። አንዷ ጎረቤት ድሮ ፎቶ ነፍስ ይወስዳል ይባል ስለነበር ፈርታ ይሆናል አለች። እታለም ያልሰማች መስላ ጫማ ታስተካክላለች። ነፍስ የወሰደው ፎቶው ሳይሆን ፎቶ አንሺው ነው ብትል ማን ይሰማታል? ያኔስ መች ሰሟት።

ያኔ ፎቶ አንሺው ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው ሰው ነበር። እናታቸውን «እማዬ» ይላል፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ በነፃ ጠግኖላቸዋል። ለታናሿ መጀመሪያ መሀረብ አመጣላት። ትንሽ ቆይቶ፣ ከዕድሜሽ የበሰልሽ ነሽ አላት። ከዚያ ደግሞ ይሄን ለእህትሽ አትንገሪ፣ ትቀናለች። ልጅቷ ከእታለም ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛች ሌላ አገር የሄደች ያህል ራቀች። እታለም ይሄ ሰውዬ ደግ አይደለም ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች፤ ያተረፈችው «አንቺን ዞር ብሎ ስላላየሽ ነው» የሚል ሳቅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ታናሿ ጠፋች፤ ፎቶ አንሺውም አብሮ። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ፀጉሯ ተቆርጧል፣ ሳቋ የለም። ካሜራ ባየች ቁጥር እጅጌዋን ስባ ጣቶቿን ትሸፍናለች። ከገዛ ልጇ የሠርግ ፎቶ ላይ እንኳ የእሷ የሚታየው ጀርባዋ ነው።

«እናቴ፣ ተመቸዎት?»

እታለም ነቃች። አስጠኚው ነው። የሟቿን የልጅ ልጅ ሒሳብ የሚያስጠናት ሰው፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ወንበር የሚሸከም፣ ሻይ የሚያድል፣ ቤቱ ሁሉ የሚመርቀው። መልሷን ሳይጠብቅ ተሻግሯት ገባና ባዶውን ፍሬም አነሣው። ልጅቷ ቁርጥ አያቷን ናት አላቸው ለሴቶቹ፤ የልጅቷ ፎቶ ስልኩ ውስጥ እንዳለ፣ ከፈለገ ፍሬሙን ዛሬውኑ ሊሞላው እንደሚችል እየሳቀ ነገራቸው። ተባረክ አሉት።

ልጅቷ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። እጅጌዋን ስባ ጣቶቿን ሸፈነች።

እታለም ያንን እጅጌ አወቀችው።

ልጅቷን ድምቡሼ ይሏታል፤ በሕፃንነቷ ጉንጯ ሙሉ ስለነበር። ዘንድሮ ከክር ቀጥናለች። ሐዘን ነው ይላሉ፤ አያቷ ሳትታመም በፊት የጀመረ ሐዘን። አስጠኚው ወንበር ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሲወጣ እታለም ጫማ ደርድሪልኝ ብላ ጠራቻት። ልጅቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፤ የካሜራው ዓይን ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።

«ስልክሽን ምን አገኘው? ቆሰለ እንዴ?»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። «ዓይኑን ሸፍኜው ነው።»

«ማን እንዳያይሽ?»

ልጅቷ ግራውን ከማያውቀው ቀኝ ጋር እያጣመረች መደርደሯን ቀጠለች። እታለምም አልተጫነቻትም። ዓይኗን መጋረጃው ላይ አድርጋ ስለ ፎቶ አንሺው ታወራላት ጀመር፤ ስለ መሀረቡ፣ ስለ ጣሪያው፣ ለእህትሽ አትንገሪ ስላለው። የልጅቷ እጅ አንድ ጫማ ላይ ቆመ።

«እኔን ‹እናትሽ አትረዳሽም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቅሽ› ነው ያለኝ» አለች።

የቀረው እየተቆራረጠ ወጣ። መጀመሪያ በነፃ አስጠናት። የጆሮ ማዳመጫ ሰጣት። ማታ ማታ ይጽፍላት ጀመር፤ ከዚያ አንድ ፎቶ ለመናት፣ አንድ ብቻ። ያንን ካገኘ በኋላ ልመናው ትእዛዝ ሆነ። ነገ ሰው ሁሉ መቃብሩን ሊጎበኝ ሲሄድ እሱ ቤት እንድትመጣ ብሏታል። ካልመጣች ፎቶውን ለለቅሶተኛው ሁሉ ይልከዋል።

«ራሴ ነኝ የላክሁለት፣ እታለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይደለም። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ሲያባብልሽ የከረመው እሱ፣ የሚያስፈራራሽ እሱ። ያንቺ ጥፋት የቱ ጋ ነው?»

«የጻፈልኝን ሁሉ ላጥፋው?»

«እንዳታጠፊ። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ፣ እንዳትመልሺለትም። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ማንበብ የሚችሉ አሉ።»

የእህቷን ልጅ፣ የድምቡሼን እናት ጠራች። ቴርሞስ አንጠልጥላ መጣች፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እባክሽ አሁን አይደለም፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል አለች። እታለም የአስጠኚውን ነገር ስታነሣባት ደግሞ ተነፈሰች፦ «አንቺ መቼ ሰው አምነሽ ታውቂያለሽ?»

«እማ» አለች ድምቡሼ። ስልኩን ዘረጋችላት።

እናቲቱ አነበበች። ቴርሞሱ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ዐረፈ። አፏ ሲከፈት እታለም ቀደመቻት።

«‹ለምን አልነገርሽኝም› እንዳትያት። ይኸው ነግራሻለች።»

እናቲቱ ጫማዎቹ መሀል ተንበርክካ ልጇን አቀፈቻት። ከጓሮ የወንበር ኳኳታ ይሰማል። እናቲቱ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ደነገጠች፤ ቢያንስ ለቅሶው እስኪወጣ፣ ሰው ምን ይላል፣ እያለች አንሾካሾከች።

«ሰው ያኔም ብሏል» አለች እታለም። «እህቴ ከእንግዲህ የትም አትሄድም፣ ትጠብቃለች። ፖሊስ ጣቢያ የልጆች ጉዳይ የሚሰሙ ሴቶች አሉ። አሁኑኑ ውሰጃት።»

ድምቡሼ ጫማዋን ፈለገች። ከክምሩ ሥር ገብቷል፤ ብታገላብጥም አልገኝ አላት። እታለም ጎንበስ አለች። ማንም እንዳይነካው ስትጠብቅ የከረመችውን ቡናማ ጫማ አነሣች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ያልነበረውንም ጠረገች። ከልጅቷ እግር ፊት አስቀመጠችው።

ትንሽ ሰፋት። ቢሆንም ሄደላት።

መጋረጃው ተነፈሰ። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አሁን እዚያ የለችም።

«እጇን ያዢ» አለቻት እታለም የእህቷን ልጅ። «ጥብቅ አድርገሽ ያዢያት። እስክትመለሱ እንዳትለቂያት።»